አፄ ካሌብ እና ብዙ ስም ያላት ዓመት

በዚህ የዓመት መጽሔታችን ስለ አፄ ካሌብ ሕይወት እጽፍላችኋለሁ። ስማቸውን ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው። በስንክሳር ይነበባሉ፣ በታሪክ መጽሐፍ ከኢዛና ቀጥለው ይጠራሉ፣ አክሱምን ያየ ሰው ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን መቃብር ሳይጎበኝ አይመለስም። እኔ ግን ታሪካቸውን የምተርከው ባሕር ተሻግረው ወደ የመን የዘመቱባትን አንዲት ዓመት ይዤ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሕዝቦች ያችን ዓመት ምን ብለው እንደጠሯት፣ ስንት ብለውም እንደቆጠሯት እያሳየሁ እሄዳለሁ።

ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ጁባ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ በሁለት ዓመተ ምሕረት መካከል ይኖራል። ቤት ውስጥ መስከረም ሲጠባ አዲስ ዓመት ይለዋል፤ ከደጅ ሲወጣ ግን ገና አራት ወር ይቀረዋል። ቤት ውስጥ የሚነገረው ዓመት ሌላ፣ በመታወቂያና በትምህርት ማስረጃ ላይ የሚጻፈው ዓመት ሌላ ነው። ብዙ ልጆች ከሁለቱ አንዱ ስህተት መሆን አለበት ብለው ያስባሉ። የአፄ ካሌብ ዘመን ለዚህ ጥሩ መልስ አለው።

የታዜና ልጅ

አፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱም የነገሡ ናቸው። አባታቸው ታዜና ይባላሉ። ይህ በትውፊት ብቻ የተገኘ አይደለም፤ ንጉሡ ባስመቱት የወርቅ ገንዘብ ላይ የእርሳቸውና የአባታቸው ስም በግሪክኛ ተቀርጾ ይገኛል። የመንግሥት ስማቸው እለ አጽብሐ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህንን ስም እያንዳንዳቸው እንደ አፋቸው ስለጻፉት፣ አንዱ ኤለስባስ ሲላቸው ሌላው ሄለስቴዎስ ይላቸዋል። የማያውቅ አንባቢ ሦስት ንጉሥ የነበረ ይመስለዋል። ሰውየው ግን አንድ ናቸው። ዓመትም እንዲሁ እንደሆነች ቀጥለን እናያለን።

በዚያ ጊዜ የአክሱም ወደብ አዱሊስ ነበረ። ዛሬ በኤርትራ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ፍርስራሹ ይታያል። የዝሆን ጥርስና ወርቅ ከዚያ ይወጣ ነበር፤ ከሮም ግዛትና ከሕንድ የሚመጣውም ዕቃ በዚያ ይራገፍ ነበር። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አፄ ካሌብ ለዘመቻ ሲዘጋጁ አዱሊስ ላይ ነበረ። በከተማይቱ መግቢያ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሞ፣ በላዩም የቆየ የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። የአዱሊስ ገዢ ጽሑፉ ተገልብጦ ለንጉሡ እንዲላክ ኮስማስን አዘዘው፤ እርሱም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ገለበጠው። ዛሬ ዙፋኑ የለም፤ ግልባጩ ግን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ተርፎልናል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዙፋኑን ያሠራው የጥንት ንጉሥ ጽሑፉን ያስቀረጸው በነገሠ በ27ኛው ዓመት መሆኑን ይናገራል። ለዘመኑ ሰዎች ይህ በቂ ነበር፤ ንጉሣቸው መቼ እንደነገሠ ያውቁ ነበርና። ነገር ግን የንጉሡ ስም የነበረበት ክፍል ስላልተረፈ፣ 27 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከስንት ጀምሮ እንደተቆጠረ የማይታወቅ ዓመት፣ መነሻው እንደጠፋ መንገድ ነው።

ከባሕሩ ማዶ

ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በዛሬዋ የመን፣ የሕምያር መንግሥት ነበረ። ዋና ከተማው ዛፋር ይባላል። የሕምያር ነገሥታት ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ አይሁድ እምነት ያዘነበሉ ነበሩ፤ በአገሩ ውስጥም በተለይ በናግራን ከተማ ብዙ ክርስቲያኖች ይኖሩ ነበር። ነገሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ሮምና ፋርስ በንግድና በኃይል ይፎካከሩ ነበር፤ የሕንድ ዕቃ የሚያልፍበትን የቀይ ባሕር በር የያዘ ብዙ ጥቅም ያገኝ ነበር። አክሱም የሮም ወዳጅ ነበረች።

አፄ ካሌብ በመጀመሪያው ዘመቻቸው ወደ ሕምያር ጦር ልከው ነበር፤ ማዕዲከሪብ የሚባል ክርስቲያን ንጉሥም በዚያ ተቀመጠ። እርሱ ሲሞት ግን ዩሱፍ አስአር የሚባል የአይሁድ እምነት ተከታይ ነገሠ። ዐረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፤ የግዕዝ መጻሕፍት ፊንሐስ ይሉታል። ዩሱፍ በዛፋር የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች ገደለ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ። ከዚያም በናግራን ላይ ዘመተ። የከተማይቱ ሽማግሌ፣ እኛ ቅዱስ ኂሩት የምንላቸው፣ ከብዙ ሕዝብ ጋር ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናችን የናግራን ሰማዕታትን ኅዳር 26 ቀን ታስባለች።

633 ወይስ 835?

ይህ መከራ የደረሰበትን ዓመት የምናውቀው ከሁለት ወገን ምስክርነት ነው። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ምስክር የዩሱፍ የጦር አዛዥ ነው። ከናግራን በስተ ሰሜን ሒማ በሚባል ቦታ፣ ለሲራራ ነጋዴዎች ውኃ በሚሰጡ ጉድጓዶች አጠገብ፣ ዘመቻውን በዓለት ላይ አስቀረጸ። ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉን፣ ሰው መገደሉንና መማረኩን፣ ከአክሱም ጦር ለመከላከል የመንደብ ጠረፍ መታጠሩንም ይተርካል። ዓመቱን 633 ይለዋል። ሒማ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው ምስክር ስምዖን ዘቤተ አርሻም የሚባል የሶርያ ኤጲስ ቆጶስ ነው። የናግራንን ወሬ ሰምቶ ለወገኖቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወሬውን ወደሰማበት ስፍራ ጉዞ የጀመረበትን ቀንም የእስክንድር ዓመት በሚሉት ቁጥር በ835 ጥር 20 ብሎ አስቀመጠው። ጥር የተባለው የሶርያውያን ጥር ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

633 እና 835 በ202 ዓመት ይራራቃሉ፤ ነገር ግን አንዱም አልዋሸም። የሶርያውያን ቁጥር የሚነሣው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ312 የመከር ወራት ነው። በእስክንድር ስም ይጠራ እንጂ የተጀመረው እርሱ ከሞተ በኋላ፣ ከጦር አለቆቹ አንዱ የነበረው ሰሌውቆስ ባቢሎንን ሲይዝ ነው። በዚህ ስሌት ጥር 835 ማለት እ.ኤ.አ. 524 ነው። የሕምያር ቁጥር መነሻ ግን በዓለቱ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ምሁራን ለረጅም ጊዜ ተከራከሩበት። አንዳንዶቹ መነሻው ከክርስቶስ ልደት በፊት 115 ነው አሉ፤ ሌሎቹ 110 ነው አሉ። አምስት ዓመት ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ስሌት 633 እ.ኤ.አ. 518 ይሆናል፣ በሁለተኛው ደግሞ 523። በመጀመሪያው ከሄድን የናግራን እልቂት ከስምዖን ደብዳቤ በአምስት ዓመት ስለሚቀድም፣ የነገሥታቱ ተራ ሁሉ ይዛባል። ዛሬ ተቀባይነት ያገኘው 110 ነው፤ ዓለቱና ደብዳቤው የሚስማሙትም በዚህ ነው። ዩሱፍ በናግራን ላይ የዘመተው በ523 ሲሆን፣ ስምዖን ወሬውን የሰማው በተከታዩ ክረምት ነው።

የመርከቦቹ ዓመት

ወሬው እስክንድርያና ቁስጥንጥንያ ደረሰ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ዩስጢኖስ፣ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል አፄ ካሌብ እንዲዘምቱ ጠየቁ። የሰማዕታቱ ገድል እንደሚተርከው ከቀይ ባሕር ወደቦችና ከሕንድ ነጋዴዎች 60 መርከብ ተሰበሰበ፤ ንጉሡ ራሳቸው ደግሞ 10 አሠሩ። የአገራችን ትውፊት ደግሞ ንጉሡ ከመዝመታቸው በፊት በጾማዕት ወደነበሩት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደው ጸሎትና ቡራኬ መቀበላቸውን ይተርካል። ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በኋላ መርከቦቹ ተነሡ። አፄ ካሌብ በራሳቸው ባሕሩን ተሻገሩ፣ ድልም አደረጉ፤ ዩሱፍም ሞተ። ዐረቦች ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ባሕር ገባ፣ ከዚያም አልተመለሰም እያሉ ይተርካሉ።

ይህች የመርከቦቹ ዓመት ማን ናት? በዚያ ሰኔ አካባቢ በየአገሩ ብንዞር እንዲህ እናገኛታለን።

በዛፋር 635 ናት።

በሶርያ የእስክንድር 836 ናት።

በእስክንድርያ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ 241ኛ ናት። ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ስለነበረ፣ ግብጻውያን ይህንኑ ቁጥር ዛሬም ይዘው ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል።

በሮም ግዛት ቁጥር የላትም፣ ስም ነው ያላት፤ ፕሮቡስና ፊሎክሴኖስ የሚባሉ ሁለት ሹማምንት የከበሩባት ዓመት ናት። ለግብር ሰብሳቢው ደግሞ በ15 ዓመቱ ዙር ውስጥ ሦስተኛዋ ናት። በቤተ መንግሥት የዩስጢኖስ 7ኛ ዓመት ናት።

አይሁድ ዛሬ በሚቆጥሩት የዓለም ዘመን 4285 ናት።

በደቡብ ቻይና የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት ባወጡላት የዘመን ስም የፑቶንግ 6ኛ ዓመት ናት፤ በእንስሳቱ ዙር ደግሞ የእባብ ዓመት ናት።

በእኛ ሊቃውንት አቆጣጠር ዓመተ ዓለም 6017፣ ዓመተ ምሕረት 517፣ ዘመነ ማቴዎስ ናት። ይህንን ማንም ተማሪ ሊያረጋግጥ ይችላል። 5500 ላይ 517 ደምሩ፣ ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው።

አሁን ደግሞ አስደናቂውን ነገር ስሙ። በዚያችው ዓመት በሮም ከተማ ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ የፋሲካ ሠንጠረዥ እያዘጋጀ ነበር። ክርስቲያኖችን ባሳደደ ንጉሥ ስም ዓመት መቁጠር አልወደደም። ስለዚህ የዲዮቅልጥያኖስን ቁጥር ትቶ ከጌታ ሥጋዌ መቁጠር ጀመረ፤ የራሱንም ዓመት 525 አላት። ዛሬ ዓለም ሁሉ፣ ጁባም ጭምር፣ የሚጽፈው ቁጥር ከዚህ ሠንጠረዥ የወጣ ነው። የአፄ ካሌብ መርከቦች ከወደባቸው የተነሡባት ዓመት 525 ተብላ የተጠራችው በዚያችው ዓመት ነው፤ የጠራት ግን በሮም የተቀመጠ አንድ መነኩሴ ብቻ ነበር። በአዱሊስ የነበረ መርከበኛ 525 ቢሉት ምን እንደሆነ ባልገባው ነበር።

የእኛስ ለምን 517 ሆነ? ከዲዮናስዮስ በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ የዓለምን ዘመን አስልቶ፣ ጌታ ሥጋ የለበሰው 5500 ዓመት ከሞላ በኋላ መሆኑን አስቀመጠ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ የተከተለው ይህንን ነው። ሁለቱ መነኮሳት ስለ አንድ ልደት በየራሳቸው አሰሉ፤ በመካከላቸው ሰባትና ስምንት ዓመት ተፈጠረ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከዓለም ወደ ኋላ ቀርታለች እየተባለ የሚነገረው ቀልድ መሠረት የለውም። የእኛ ስሌት ከእነርሱ ስሌት ይቀድማል።

ከድሉ በኋላ

አፄ ካሌብ ሱሙየፋዕ አሽዋዕ የሚባል የአገሩን ተወላጅ በሕምያር አነገሡ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ማሳነጻቸውን አክሱም ላይ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፋቸው ይናገራል። ጽሑፉ ቋንቋው ግዕዝ ሆኖ ፊደሉ የደቡብ ዐረብ ነው። በማሪብና በዛፋርም የግዕዝ ጽሑፍ ስብርባሪ ተገኝቷል።

ድል ግን ብቻውን አገር አይገዛም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በየመን ከቀሩት የአክሱም ሰዎች አብርሃ የሚባል ተነሥቶ ሱሙየፋዕን ሻረ። ንጉሡ 3000 ወታደር ላኩበት፤ ወታደሮቹ አገሩን ወደዱና ከአብርሃ ጋር ቆሙ። ሁለተኛ ጦር ላኩ፤ እርሱም ተሸነፈ። በ530 ገደማ የሮሙ ዩስጢንያኖስ መልእክተኛ ልኮ፣ ኢትዮጵያውያን ሐር ከሕንድ እየገዙ ለሮም እንዲሸጡ ጠየቀ። ይህም አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች በሕንድ ወደቦች ቀድመው ተገኝተው ጭነቱን በሙሉ ይገዙ ነበርና።

አብርሃ በኋላ የማሪብን ግድብ ሲያስጠግን ዓመቱን 658 ብሎ አስቀረጸ፤ ይህ 548 አካባቢ ነው። ከአክሱም የሄደ ሰው ይሁን እንጂ የቆጠረው በሚገዛው አገር ቁጥር ነው። በዐረብ ትውፊት ደግሞ ዝሆን ይዞ ወደ መካ የዘመተባት ዓመት የዝሆን ዓመት ተብላ ቀረች፤ ሙስሊም ልጆቻችን ከነቢዩ ሙሐመድ ልደት ጋር አያይዘው ያውቋታል።

አፄ ካሌብ በመጨረሻ ዙፋናቸውን ትተው ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም እንደላኩና በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደመነኮሱ ይተረካል። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ገብረ መስቀል ነገሡ ይባላል፤ የአባትና የልጅ መቃብር ተብሎ የሚታየው ሥፍራ ከአክሱም ከተማ ወጣ ብሎ ጎን ለጎን ይገኛል። ቤተ ክርስቲያናችን አፄ ካሌብን ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች። ካቶሊኮች ደግሞ ኤለስባን ብለው በጥቅምት መጨረሻ ያስቧቸዋል። በስማቸው ላይ የደረሰው በበዓላቸውም ላይ ደረሰ።

ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር እንዳንዘነጋ አደራ እላለሁ። ናግራን ላይ የፈሰሰው ደም ንጉሥ ያፈሰሰው እንጂ አይሁድ ሁሉ ያፈሰሱት አይደለም። ከዘመቻው በኋላ በሕምያርም ብዙ ሰው ሞቷል። የልዩ ልዩ እምነት ልጆች በአንድ ክፍል በሚማሩበት ትምህርት ቤት ይህ ታሪክ ለቂም ሳይሆን ለማስተዋል ይሁን።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችበት ቀን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነው። በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ግብጻውያን 1727 ይሉታል፣ ሙስሊሞች 1432። የሕምያር ጸሐፊ ቢኖር 2121 ብሎ በቀረጸው ነበር። ቀኑ ግን ያው አንድ ቀን ነው፤ ጁባ በደስታ የዘፈነችበት።

ወላጆች፣ የምለው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ሳይለወጥ 2009 ተብሎ በዚህ አገር ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ በአንድ ብዕር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ያ ወረቀት ከልጁ ጋር ያድጋል። ክፍል ሲመደብ፣ ለፈተና ሲመዘገብ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ እየተከተለ ያስቸግረዋል፤ ሁለት ወረቀት ሁለት ዕድሜ ሲናገር ደግሞ ልጁ እንዳጭበረበረ ይቆጠራል። በዚህ አገር ብዙ ሰው የተወለደበትን በጎርፍ ወይም በጦርነት ዓመት ብቻ ስለሚያውቅ፣ ልደቱ በፈረንጅ ጥር 1 ተብሎ ተመዝግቦለታል። የእኛ ልጆች ቀናቸው እየታወቀ እንዲህ ሊጠፋባቸው አይገባም።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (በዘመነ ዮሐንስ እስከ ታኅሣሥ 21) ለተወለደ በእኛ ዓመት ላይ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ደምሩ። ቀኑንና ወሩንም ለብቻው መለወጥ አትርሱ። ከቁጥሩ አጠገብ ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። የአዱሊሱ ንጉሥ 27 ብሎ መነሻውን ሳይነግረን ቀርቷል፤ የሒማው አዛዥ 633 ብሎ ምሁራንን ለብዙ ዓመት አከራክሯል። ሁለት ፊደል ቢጨምሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። የተወለዳችሁበትን ቀን ከእናት ወይም ከአባታችሁ በዓመተ ምሕረት ጠይቁ። ወደ እ.ኤ.አ. ለውጡት። ወንጌላዊውን ፈልጉ። ከዚያ 110 ደምራችሁ የሕምያር ጸሐፊ በዓለት ላይ እንዴት እንደሚቀርጸው ጻፉ፤ የእርሱ ዓመት በሚያዝያ ይለወጥ እንደነበረም አስታውሱ። ሥራችሁን ለክፍል ኃላፊያችሁ ስታስረክቡ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የማን ቁጥር እንደሆነ ያልጻፈ ተማሪ ማርክ አያገኝም።